ተናኜ የደበቀችው ጨው

የአውሮፕላኑ ድምፅ በመጀመሪያ የሚመጣው ከሰሜኑ ተራራ ጀርባ ነበር። ከሩቅ ሲሰሙት የንብ ቀፎ ይመስላል፤ ሰማዩን ቢያዩት ግን ገና ምንም የለም። ወዲያው የሻንቆ ፊሽካ ይከተላል። ከፊሽካው በኋላ የጅራፍ ጩኸት፣ የከብት ኮቴ፣ በመጨረሻም የከብቶቹ ባለቤቶች ስድብ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ዘመን በከተማዋ መካከል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላሙም በሬውም ይግጥበታል፣ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ይመላለስበታል፣ ገበያተኛው ሸክሙን እንደያዘ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ግን ሜዳው የሻንቆ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ሜዳውን ባዶ ያደርገዋል፤ አውሮፕላኑ ሣሩን እያጠፈ ሲወርድም ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የጠራው እሱ ይመስል፣ ቆሞ ይቀበለዋል።

የአውሮፕላኑን ድምፅ ያነሣሁት የሻንቆን ባለቤት የተናኜን ነገር ለማውራት ነው። ከእኛ ቤት ጋር በአንድ አጥር እንዋሰን ነበር። ተናኜ ሥራ የምትወድ፣ እንግዳ የማይከብዳት ሴት ናት። ቦሎቄዋንና ጎመኗን የቀመሰ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ወጧ ላይ ጨው የለም። ጨው ለብቻው፣ በሲኒ፣ በገበታው መካከል ይቀርባል።

«ተናኜ፣ ጨው ተወደደብሽ እንዴ?» ይሏታል የሚቀልዱባት።

«እንደየአፋችሁ ጨምሩ፤ እኔ የማንንም አፍ አላውቅም» ትላለች።

እሷና ሻንቆ ካረጁ በኋላም ይኸው ነበር። ሻንቆ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት እጁን ዘርግቶ ከሲኒው በሦስት ጣቱ ይቆነጥራል፤ በራሱ በኩል ያለውን ወጥ ላይ ይበትናል። እሷ ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። ነገሩ ምን እንደሆነ ለእኔና ለባለቤቴ ለአልማዝ ያጫወተችን ራሷ ናት፤ አንድ ዝናብ ቤት ያዋለን ቀን፣ ጎመን እየቀነጠሰች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው።

አባቷ አቶ ተሰማ ከጎፋ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ቤቱን የያዘችው ተናኜ ናት። ሽማግሌው በመጨረሻ ዘመናቸው ደም ብዛት አለብዎት ተባሉ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም ጨው እንዲተዉ አጥብቆ አዘዘ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ፣ ጨው ገብቶበት ካልጠጡ እጃቸው ሥራ አይጀምርም።

«ተናኜ» ይላሉ ሲኒውን አፍንጫቸው ሥር ይዘው፣ «በግ እንኳ ጨው ይልሳል። አባትሽ ከበግ አንሶ ነው?»

«ድሬሰሩ ከልክሏል፣ አባዬ።»

«ድሬሰሩ እኮ እዚህ የለም። አንቺና እኔ ነን ያለነው።»

መጀመሪያ ትንሽ ቆንጥራ ጨመረች። ሽማግሌው ሳቁ፣ መረቋት፣ ወደ ሽመናቸው ወረዱ። በማግስቱም ጨመረች። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቋትም ትጨምር ጀመር። አንድ ጠዋት መወርወሪያው ከእጃቸው ወደቀ፤ ስታያቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሳምንት ሳይሞላ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ሁሉ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አላት። ጨው ትሰጫቸው ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ሻንቆን ያገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ሻንቆ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ የወረደ የአሪ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ። አንድ ልማድ ነበረው። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲወጣ «መጣሁ» ሳይል አይወጣም። ወደ ሜዳው ሲሄድም፣ ወደ ጓሮ ሲዞርም «መጣሁ» ነው።

«እንሰት ለማየትም ትሰናበተኛለህ?» ትለዋለች ተናኜ።

«ካልነገርሁሽ ትፈልጊኛለሽ» ይላታል።

«ማን ይፈልግሃል!»

«አንቺ ነሻ።»

ሐና የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ሐና ትምህርት ቤት በገባችበት ሰሞን፣ በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. በልግ ላይ፣ ሻንቆ ጓሮ ጎንበስ ብሎ ሲኮተኩት ውሎ ቀና ሲል ወደቀ። ተናኜ ከደጃፍ አየችው። እስክትደርስ ድረስ ራሱ ተነሥቶ ጭቃውን ከጉልበቱ ያራግፍ ነበር።

«ምን ሆንህ፣ የሐና አባት?»

«ጨለማ መጣ፤ ሄደ» አላት እየሳቀ።

እሷ ግን የታያት የአባቷ አፍ ነው። እሳቸውም ከመውደቃቸው በፊት «ያዞረኛል» ይሉ ነበር። ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም። አንዱን በእጄ ቀበርሁት፣ ሁለተኛውን አልቀብርም አለች በልቧ።

በግልጽ ብትነግረው ይቀል ነበር። ግን በምን አፏ? ሻንቆ ታሟል ቢባል የሜዳውን ሥራ ለሌላ ይሰጡበታል። ከዚያም በላይ «ደም ብዛት መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብሎ የጠየቃት እንደሆነ የአባቷ ነገር ሊመጣ ነው። ስለዚህ ዝም ብላ፣ በራሷ መንገድ ልታድነው ቆረጠች።

ዝናቡ ረዳት። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና ስላገደ ከተማው ውስጥ ጨው ጠፋ። በበልግ እንዲህ መሆኑ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም ያለ ጨው በላን፣ ሁላችንም አማረርን። ወንዙ ጎድሎ መኪና ሲገባ ጎረቤት ሁሉ ወደ ሱቅ ሮጠ። ተናኜም ገዛች፤ ባትገዛ ሰው ይጠይቃታል። ቤት ስትገባ ግን ጨዉን በቅል ውስጥ ጨመረችውና ቅሉን ከጣሪያው ሥር፣ ጥቀርሻው መካከል ሰቀለችው።

«ጨው አልገባም እንዴ?» አላት ሻንቆ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ ጎመኑን እያላመጠ።

«አልገባም።»

«እሺ» አለና በላ። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ቃሪያውን አበዛች፣ ዝንጅብሉን አበዛች። እሱም ላቡን እየጠረገ ይበላል። በልጉ አልፎ ፀሐይ ከረረ፤ ሻንቆ በዚያ ፀሐይ ከብት ያባርራል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ሰውነቱ ከቀን ወደ ቀን ሰለለ። ደጃፍ ላይ ከተቀመጠበት ሲነሣ ምሰሶውን ይይዛል። ይህን ባየች ቁጥር ተናኜ በሽታው እየበረታ ነው ብላ ታስባለች፤ ቅሉንም ወደ ላይ አንጋጣ ታይና «እንኳን ከለከልሁት» ትላለች።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በዚያን ጊዜ በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር የምንጸልየው ከመካከላችን በአንዱ፣ በኤርጎ ቤት ተሰብስበን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። አንድ እሑድ ለጸሎት ተነሡ ተባለ። ተነሣን። ሻንቆ ከእኔ ፊት ነበር፤ እንደ ቆመ ጥቂት ተወዛወዘና ኤርጎ ትከሻ ላይ ተኛ። ኤርጎ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ አቅፎ አስቀመጠው።

«ወንድም ሻንቆ፣ ጸሎቱ ገና ሳይጀመር አሜን አልህ» አለው።

ሰው ሳቀ። ሻንቆም ዓይኑ ሲበራለት ሳቀ። ተናኜ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበረች፤ አልማዝ ዘወር ብላ ስታያት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀን ነው ነገሩን ያወጣው። አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን ነበር፤ ሻንቆ በሜዳው ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ጥቂት እንደ ሄደ በፊቱ ተደፋ። ፊሽካው በአፉ ነበር፤ አልተነፋም። ከብቶቹ እንደ ልባቸው እየጋጡ ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፣ ከብቱን አየ፣ እያጓራ ወደ ላይ ተነሣ፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለከተና ሳያርፍ ወደ መጣበት ሄደ። መንገደኞች ጓዛቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

የማረፊያው ኃላፊ ጓድ መኮንን ክፉ ሰው አልነበረም። ሻንቆን ከሣሩ ላይ ያነሣው እሱ ነው፤ ውኃም አጠጣው። ከዚያ ግን «ሻንቆ፣ እኔ አንተን እወድሃለሁ፤ አውሮፕላኑ ግን አያውቅህም» አለው። «ሐኪም ይይህ። መሮጥ ይችላል የሚል ቃል ከእሱ ከሰማሁ ቦታህ ያንተ ነው። እስከዚያ በአንተ ፈንታ ተፈሪ ከብቱን ያባርራል።»

ተናኜና ሻንቆ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። የተቀበላቸው ድሬሰር ደምሰው ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሰው አያጣድፍም። ሻንቆን አልጋው ላይ አጋደመው፤ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ አየር ሞላበትና ማዳመጫውን ክርኑ ላይ አድርጎ በመለኪያው ሳጥን ውስጥ ባለው ቀጭን ብርጭቆ የሚወጣና የሚወርደውን ባዜቃ፣ ሜርኩሪውን፣ እያየ አዳመጠ። ተናኜ ከዚያ በፊት ባዜቃ አይታ አታውቅም፤ የባሏ ዕድሜ እዚያ ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ የሚወጣና የሚወርድ መሰላት።

«ደህና ነው» አለ ደምሰው። «ተኝተህ ሳለ ግፊትህ እንደ ማንኛውም ሰው ነው።»

ተናኜ ግራ ገባት። «ከፍ አላለም?»

«አላለም፣ እትዬ። ቆይ፣ አልጨረስሁም። ጋሽ ሻንቆ፣ ጨርቁን እንዳትፈታ። እንዳለህ ተነሥና ቁም።»

ሻንቆ ቆመ። ደምሰው እንደገና አየር ሞላ፣ እንደገና አዳመጠ። ባዜቃው ወረደ፣ ወረደ፣ ልብ ይመታበታል በተባለው ቦታ ሳይመታ አልፎ ወረደ። የሻንቆ ከንፈር ነጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ደምሰው በብብቱ ይዞ አስቀመጠው።

«ይኸውላችሁ» አለ። «ሲተኛ መቶ አሥር የነበረው ሲቆም ከሰባ በታች ነው። ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል፤ ለጭንቅላቱ የሚደርሰው ያንሳል፤ ለዚህ ነው የሚወድቀው። ደም ብዛት ቢሆን እነግራችሁ ነበር። ይህ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው።»

ከዚያ ይጠይቅ ጀመር። የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየ፣ ደረቱን አዳመጠ። ወባ ይዞህ ነበር? ተቅማጥ? የምትወስደው ክኒን አለ? ሻንቆ ሁሉንም «የለም» አለ።

«ጨው ትበላለህ?» አለው ደምሰው። «ፀሐይ ላይ የምትሮጥ ሰው ነህ። በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ እንዲህ ያደርጋል።»

ተናኜ እንደ ነገረችን፣ በዚያን ጊዜ የክፍሉ ግድግዳ ወደ እሷ የቀረበ መሰላት። አፏን ከፈተች። ከእሷ በፊት ግን ሻንቆ መለሰ።

«እበላለሁ እንጂ። ባለቤቴ ጥሩ አድርጋ ነው የምትሠራ። ምንም አይጎድል።»

ደምሰው ወደ ተናኜ ዞረ። «እውነት ነው፣ እትዬ?»

«ውኃ ልስጠው?» አለች ተናኜ።

ደምሰው ይህን እንደ እሺታ ቆጠረው። «ጨው ካልሆነ እንግዲህ ልቡን የሚያይ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ እዚህ የለም፤ አርባ ምንጭ መሄድ ሊኖርብህ ነው። እስከዚያ መሮጥ የለም። ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ እግርህን አንጠልጥለህ ቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ቁም። ከመሄድህ በፊት ተመለስና እንደገና ልለካህ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሻንቆ ፊት ፊት፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። ተናኜ ከኋላ ናት። ጨው የለም ብላ የነገረችው ሰው ሐኪም ፊት ጨው እበላለሁ ብሎ የዋሸላት ለምን እንደሆነ ልትጠይቀው ትፈልጋለች፤ ብትጠይቀው ግን መልሱ የራሷን ጥያቄ ይጠራል። ሳትጠይቅ ቤት ደረሱ።

ለምሳ ቅሉን አወረደችው። ቆንጥራ ጎመኑ ላይ ጨመረች። ሻንቆ አንድ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ።

«ጨው ገባ?»

«ገባ።»

«እሰይ» አለ፤ በላ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። የተጣላት ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር፤ እሱ ግን ሐናን እያጎረሰ፣ እጁን እየላሰ በላ።

ከዚያ ወዲህ ሻንቆ እየዳነ ሄደ። ምሰሶውን መያዝ ተወ፤ ጓሮውን ሳያርፍ ይኮተኩታል። ተናኜ ግን በዳነ ቁጥር ትጨነቃለች። መዳኑ በግልጽ የሚመሰክረው እሷ ላይ ነው። አባቴን በመስጠት ገደልሁ፣ ባሌን በመከልከል ልገድል ነበር እያለች ከምድጃው ጋር ታወራለች። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ደግሞ ይብስባታል። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲመጣ ሻንቆ መኮትኮቱን አቁሞ ቀና ይላል፤ የተፈሪ ፊሽካ ይሰማል፣ ረጅምና አሰልቺ። «ዘገየ» ይላል ሻንቆ ለራሱ። መልሶ ያጎነብሳል።

ወደ አርባ ምንጭ ከመሄዱ በፊት እንደ ተባለው ተመልሰው ደምሰው ዘንድ ሄዱ። ደምሰው አጋድሞ ለካው። አስቁሞ ለካው። ጥቂት እንዲቆም አድርጎ ሦስተኛ ለካው። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ሳቀ።

«ጋሽ ሻንቆ፣ የትኛው ጠበል ገባህ? እኔንም ንገረኝ እንጂ።»

«እኛ ጠበል የለን» አለ ሻንቆ፤ እሱም ሳቀ።

«ባዜቃው ንቅንቅ አላለም። ባለፈው እያየሁት የሸሸው ደም ዛሬ ቦታው ላይ ነው። ቆይ እስቲ፣ መልሰህ ተኛ፤ አንድ ጊዜ ደግሜ ልይ።» ሻንቆ ተጋደመ፤ ጨርቁ ገና ክንዱ ላይ ነው። ደምሰው ግን አየር መሙላቱን ትቶ አሰበ። «ደስ ይላል፤ ግን አልገባኝም። በምን እንደ ዳነ ካላወቅሁ በምን እንደሚመለስም አላውቅም። ለጓድ መኮንን ይሩጥ ብዬ ቃል መስጠት ይከብደኛል። ነገ አውሮፕላን ፊት ቢወድቅስ? ምክንያቱን ካገኘሁት ግን ዛሬውኑ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ተናኜ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዝም ብትል ባሏ እንደ ዳነ፣ ሥራውን እንዳጣ ይኖራል። እሷንም የሚጠይቃት የለም። አባቷ የሞቱ ጊዜም የጠየቃት አልነበረም፤ ያ ምን እንዳደረጋት ታውቃለች።

«ጨው ነው» አለች።

ደምሰው ዞረ። «ምን አሉኝ?»

«ጨው ከልክዬው ነበር። ከበልግ ጀምሮ። አንተ ዘንድ ከመጣን ወዲህ ነው የሰጠሁት።»

«እኔ እኮ ያኔ ጠይቄ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁ» አለ ሻንቆ ከተጋደመበት። ድምፁ ተራ ነበር። «እሷን ተዋት። ጨው እንደ ገባ አውቅ ነበር። ሱቅ ላይ ሲሰፈር አይቻለሁ። እሷ የለም ስትለኝ፣ ቤት ጎድሎባት ነው አልሁ። ለሐና ስታስብ ነው፣ ማፈሯ ነው አልሁ። ሚስቴን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም፤ ለዚህ እበላለሁ አልሁህ።»

ተናኜ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። «አልጎደለብኝም፣ የሐና አባት» አለች። «ጨው ነበረ። ቅሉ ውስጥ ነበረ፤ ከራስህ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ።»

ሻንቆ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

ነገረችው። የቡና ቅጠሉን፣ የአባቷን ቀልድ፣ የመጀመሪያዋን ቁንጥር፣ መወርወሪያው ሲወድቅ የሰማችውን ድምፅ። ጓሮ ውስጥ የወደቀ ዕለት አባቷን በእሱ ላይ እንዳየች። ደምሰው ባዜቃው ያለበትን ሳጥን ዘግቶ ወለሉን ያያል። ስትጨርስ እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው።

«እንግዲህ ተገኘ» አለ ለስለስ ብሎ። «ልቡ ደህና ነው፤ አርባ ምንጭም አያስፈልግም። ለጓድ መኮንን እነግረዋለሁ። እትዬ፣ ያደረጉት ፈርተው ነው።»

ሻንቆ ይህን የሰማ አይመስልም። የሚያየው እሷን ነው።

«አንድ ነገር» አላት። «ያን ቀን፣ እዚሁ ክፍል፣ ይኸው ሰውዬ ጨው ትበላለህ ሲለኝ፤ ጨው ሲጎድል ነው እንዲህ የሚሆን ሲል። ሰምተሽ ነበር?»

ተናኜ ለመዋሸት ጊዜ ነበራት። «ሰምቻለሁ» አለች።

«ከዚያም ተፈሪ ሥራዬን ይዞ ሲቆይ፣ ምክንያቱን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ጫጫታ ይሰማል። ሻንቆ ጨርቁን ከክንዱ ላይ ፈታና አጥፎ አልጋው ላይ አኖረው። ተነሥቶ ተቀመጠ። ደምሰው እንዳስተማረው እግሩን አንጠልጥሎ ጥቂት ቆየ። ቀስ ብሎ ቆመ፤ አልተወዛወዘም። ባርኔጣውን ከምስማሩ ላይ አነሣ። በአግዳሚው አጠገብ ሲያልፍ ተናኜ ቀና ብላ አፉን አየች፤ ያን አንድ ቃል፣ ጓሮ ሲሄድ እንኳ የማይተወውን፣ ትጠብቃለች።

ሻንቆ በሩን ከፍቶ ወጣ። «መጣሁ» አላለም።